ጅብ ያጸዳው ምንጭ

አንድ ጊዜ፣ ዝናብ ቀርቶ ወንዞች በደረቁበት ዓመት፣ የአንድ ሸለቆ አራዊት ከአንድ ምንጭ ይጠጡ ነበር። ምንጩ ከገደል ሥር ይፈልቃል፤ ውኃው ቀዝቃዛና ጥርት ያለ ነው።

ጅብ ታዲያ አንድ ልማድ ነበረው። በልቶ የተረፈውን ሥጋ ፀሐይ እንዳያደርቅበት፣ ጥንብ አንሳም እንዳይቀማው፣ ከምንጩ ዓይን ውስጥ ይደብቀዋል። አንድ ማለዳ የጎሽ ጭን ሲያጠልቅ አህይት አየችው። ከኋላዋ ውርንጭላዋ ቆማለች።

«አያ ጅቦ፣ ምን እያደረግህ ነው?»

«ጓዳዬን እያደራጀሁ» አለ ጅብ። ከዚያም ውርንጭላዋን ከጆሮዋ እስከ ጭራዋ አያት። «ልጅሽ ጮማ ሆናለች። ዝም ካልሽ አልነካትም። ብትጮኺ ግን ጓዳዬ ገና ቦታ አለው።»

አህይት ለመጮህ የከፈተችውን አፏን ዘጋች።

ብዙም ሳይቆይ ሸለቆው ታመመ። አጋዘንን ተቅማጥ ያዛት፤ ከርከሮ ሆዱን ይዞ ተንከባለለ፤ የአንበሳ ግሣት እንደ ድመት ድምፅ ቀጠነ። ከምንጩ ከጠጡት መካከል ጥንብ የለመደው የጅብ ሆድ ብቻ ምንም አልሆነም። ስብሰባ ተጠራ።

«የእንቁራሪት ሥራ ነው!» አለ ጅብ ቀድሞ። «ምንጩ ዳር ተቀምጣ ስትራገም ነው የምታድረው። እሷን ዋጥ ማድረግ ነው!»

«ላንተ መድኃኒቱ ሁሉ መዋጥ ነው» አለችው ቀበሮ። ቀበሮ ተንኮለኛ መሆኗን ሁሉም ያውቃል። ያን ቀን ግን የራሷም ሆድ ስለ ቆረጣት ተንኮሏን ለቁም ነገር አዋለችው። «እስቲ አባ ዝንጀሮ፣ የእናንተ ወገን አልታመመም። የት ነው የምትጠጡት?»

«ከገደሉ ላይ ከሚንጠባጠበው ነዋ! እስከ ታች ማን ይወርዳል? ስንፍናችንን ታውቂው የለም?»

«እንቁራሪት ብትራገም ኖሮ ዝንጀሮን ለምን ትምረዋለች? የታመመው ሁሉ ከምንጩ የጠጣ ነው። እንግዲህ ነገሩ ያለው ውኃው ውስጥ ነው። ምን ገባበት?»

ጅብ አህይት ላይ አፈጠጠና ምላሱን በከንፈሩ ላይ አዞረ።

አህይት ወደ እግሯ ሥር ተመለከተች። ውርንጭላዋ ተጋድማለች፤ አፏ ደርቋል፤ ዓይኗ ወደ ውስጥ ገብቷል። በዝምታዋ ከጅብ ያዳነቻትን ልጅ ውኃው እየወሰደባት ነው።

«አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ!» አለች ድንገት። «ምንጩ ውስጥ ሥጋ አለ። ሲደብቀው በዓይኔ አይቻለሁ። ልጄን እንዳይበላት ብዬ ዝም አልኩ፤ በእኔ ዝምታ የሁላችሁም ልጆች ታመሙ። ይቅር በሉኝ።»

«ውሸታም! እኔ ሥጋ የሚባል የለኝም!» ሲል ጅብ አንባረቀ። አንበሳ ሊነሣ ሞከረና ተመልሶ ተጋደመ። በዚያ ስብሰባ ላይ ጅብን የሚችል አቅም ያለው አልነበረም።

ቀበሮ ግን ሳቀች። «አያ ጅቦ ሥጋ የለኝም ካለ የለውም። ጌታዬ አንበሳ፣ እንግዲያው ፀሐይ ስትጠልቅ ምንጩ ውስጥ የተገኘ ሥጋ ሁሉ የእርስዎ ይሁን።»

«ይሁን» አለ አንበሳ።

ጅብን ላብ አጠመቀው። ስብሰባው ሲበተን ቀበሮ ጠጋ ብላ «ለወዳጅነታችን ብዬ ነው» አለችው። «ከኮረብታው ማዶ፣ ከውኃው ርቆ፣ ጃርት ለቆት የሄደ ቀዝቃዛ ጉድጓድ አለ።»

ጅብ እስኪመሽ ሲለፋ ዋለ። ጭን አወጣ፤ ጎድን አወጣ፤ የጎሽ ራስ ጎተተ። አንዲት ፍንካች እንኳ ለአንበሳ አልተውም ብሎ ጭቃውን በጥርሱ አበጠረ። የመጨረሻዋን አጥንት ለቅሞ እያለከለከ ሲመለስ ግን ጉድጓዱ የለም። ቀበሮ የመከረቻቸው ዝንጀሮዎች አፈርና ድንጋይ ሞልተውበት ጉብታ ሆኗል።

«ጓዳዬስ?» አለ ጅብ።

«ተደራጅቷል!» አለ አባ ዝንጀሮ ከጉብታው ላይ። «ምንጩን ስላጸዳህልን እግዜር ይስጥህ!»

ሸለቆው በሳቅ ተናጋ። ጉብታውን የከበቡት ዝንጀሮዎች ድንጋይ ሲያነሡ ጅብ ጭራውን ወትፎ ሸሸ።

ምንጩ ጠርቶ እስኪፈስ ድረስ ዝንጀሮዎች ስንፍናቸውን ረስተው የገደሉን ጠብታ በቅል እያወረዱ ታማሚዎቹን አጠጡ። መጠጫው ከላይ፣ መታጠቢያው ከታች፣ የሞተ ነገር መቅበሪያው ከኮረብታው ማዶ እንዲሆን ተወሰነ። አህይትን ደግሞ አንበሳ የምንጩ ጠባቂ አደረጋት። «ድምፅሽን ስለ ዋጥሽው ልናልቅ ነበር» አላት። «ከእንግዲህ አውጪው።»

አንድ ቀን ጎሕ ሲቀድ ጅብ አጥንት በአፉ ይዞ በኮረብታው ላይ ብቅ አለ። አህይት ገደሉ እስኪያስተጋባ ጮኸች። ሸለቆው በሙሉ ተነሣ፤ ጅብም አጥንቱን ጥሎ ፈረጠጠ። ያን ጊዜ ከንጹሑ ውኃ የጠጣችው ውርንጭላ እርጥብ አፏን ቀና አድርጋ፣ እንደ እናቷ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸች።

ከዚህ የምንማረው፣ የሁሉን ውኃ የሚበክለውን አይተን ለልጃችን ስንል ዝም ብንል፣ ዝምታችን ከውኃው ጋር ወርዶ ያንኑ ልጃችንን እንደሚያገኘው ነው።