የቀጨሞ ሚካኤል የምስር ዳቦ

ለኅዳር ሚካኤል ቀጨሞ የመጣ እንግዳ ግራ ይገባዋል። በየቤቱ በግ ታርዶ፣ መንደሩ ቅቤ ቅቤ እየሸተተ፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ደጅ የሚወጣው ዳቦ ግን ሲቆረስ ከሆዱ የምስር ወጥ ይወጣል። «ምነው በፍስክ ምስር?» ብሎ የጠየቀ እንደሆን ያገሬው ሰው «ይመኙሻልን ጠይቅ» ይለዋል። ይመኙሻል ደግሞ ካረፈች ስንት ዘመኗ፤ ስለዚህ እኔ ከሽማግሌዎች የሰማሁትን ልንገራችሁ።

እንደሚነገረው ይመኙሻል በደጀ ሰላሙ ውሃ እየቀዳች፣ ዳቦ እየደፋች ታገለግል ነበር። ታላቅ ወንድሟ ገላጋይ ሥጋ ደዌ ይዞት ከነዳያን ጋር በደጁ ይቀመጣል። ያን ጊዜ ወጥ የሚበላው ደጀ ሰላም የገባ ብቻ ነው፤ የደብሩ አለቃ «ወጪት ከወጣ አይመለስም» ብለው ስለከለከሉ፣ ለነዳያን የሚደርሳቸው ደረቅ ዳቦ ነበር። ገላጋይ አፉ ቆስሎ እሱንም ማላመጥ ተስኖታል። ምንም የማይናገር ሰው፣ አንድ ቀን «የእማዬን ምስር ሳልቀምስ መሞቴ ነው» ቢላት አንጀቷን በላው።

በዚያ ዓመት በዓሉ ሮብ ዋለ። ይመኙሻል እናታቸው ታደርግ እንደነበረው ምስሩን ወፈር አድርጋ ሠራችና በሊጡ መሀል ከታ፣ በኮባ ጠቅልላ ጋገረችው። ለወንድሟ ልታወጣው ስትል ግን ዳቦውን ወደ አለቃው የሚያቀርቡት ተሸካሚዎች ቀደሟት። ባገሩ ደንብ ያማረው ዳቦ ለቡራኬ ነው፤ የእሷ ደግሞ ከሁሉ አምሮ ነበር። እውነቱን እንዳትናገር ከአገልግሎት ትባረራለች፣ ወንድሟንም የሚያይላት አይኖርም። ከተሸካሚዎቹ ኋላ ኋላ ተከተለች።

አለቃው ባርከው ቢቆርሱት ቀዩ ወጥ ፈሰሰ።

«በሮብ?» አሉ። ሁሉም ዶሮ መስሎት ከመቀመጫው ተነሣ።

ይመኙሻል እግራቸው ላይ ወደቀች። «ምስር ነው አባታችን፣ ጾም አልገደፍኩም። ለወንድሜ ነው። ወጥ በወጪት አይውጣ ቢሉ፣ በዳቦ ላውጣው ብዬ ነው።»

አለቃው ቁጡ ነበሩ ይባላል፤ አሁን አባረሯት ሲባል፣ ዳቦውን አንሥተው ወደ ደጁ ወጡና ገላጋይን በእጃቸው አጎረሱት። እሱም ቀስ ብሎ ዋጠና እናቱ ከሞተች ብዙ ዘመኗ ሳለ «እማዬ መጣች እንዴ?» አለ። አለቃው እዚያው አለቀሱ ይላሉ።

ከዚያ ወዲህ በፍስክም ቢሆን ምስሩን የሚለውጥ አልተገኘም፤ አለቃ የሆነ ሁሉም ነዳያንን በእጁ ሳያጎርስ ደጀ ሰላም አይገባም። የዛሬዎቹ ጋጋሪዎች ጨው ያሳንሳሉ፣ ይሁን። እኔም እናቴ ካረፈች ወዲህ በበዓሉ ከነዳያኑ ተርታ እቀመጣለሁ፤ አንድ ጉርሻ አይከለክሉኝም።