«አልሰማሁም» ያሉት ምስክር

አንዲት እናት ገበያ ውስጥ ጥራጥሬ ይሸጡ ነበር። አንድ ቀን ከፍርድ ቤት የተላከ ሰው ወረቀት ይዞ መጣ።

«እማማ፣ ምስክር ነዎት?»

«ምስር አልቋል ልጄ። አተር ልስፈርልህ?»

«ምስር አይደለም፤ ምስክር! መጥሪያ ነው!»

«ታዲያ ምን ያስጮህሃል? ደንቆሮ መሰልኩህ?»

ጆሯቸው ግን በእርግጥ ይከብድ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎረቤታቸው አቶ ዘለለው ከመሞታቸው በፊት፣ ቤታቸውን ስድስት ዓመት ላስታመመቻቸው ለትርንጎ ተናዘዙ። ትርንጎ የሥጋ ዘመድ አይደለችም፤ ሌላ መግቢያም የላትም። የወንድማቸው ልጆች ኑዛዜውን ተቃወሙ። እንዲህ ያለው፣ ጸሐፊ የጻፈው ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ካልተነበበ አይጸናም። ከአራቱ ሁለቱ ሞተዋል። የቀሩት እኚህ እናትና አንድ ጡረተኛ መምህር ናቸው።

መጀመሪያ መምህሩ ቀረቡ። ጆሯቸው ደህና ነው፤ የተማሩ ሰው ናቸው።

«ፊርማው የእኔ ነው» አሉ። «ግን ልቤ ሌላ ቦታ ነበር። ፈርም ሲሉኝ ፈረምኩ። ተነቧል ብዬ መማል አልችልም።»

ትርንጎ አንገቷን ደፋች።

ቀጥሎ እማማ ተጠሩ። የተቃዋሚዎቹ ጠበቃ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እማማ፣ ጆሮዎ ይሰማል?» አላቸው።

«ምን አልክ?»

ችሎቱ ሳቀ። «ይኸው ክቡር ፍርድ ቤት! የማይሰማ ሰው ኑዛዜ ሲነበብ እንዴት ይሰማል?»

ዳኛው ጥያቄውን ጮክ ብለው ደገሙላቸው።

«ስለማልሰማ እኮ ነው የሰማሁት!» አሉ እማማ። «መጀመሪያ ሲነበብ አልሰማሁም። ‹ያልሰማሁት ነገር ላይ ጣቴን አላሳርፍም› አልኩ። ጸሐፊው ተቆጣ። አቶ ዘለለው ግን፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ ‹ድገምላት፤ ጆሮዋ ሥር ጩህ› አሉት። አራታችንም ተቀምጠን ከላይ እስከ ታች እንደገና ተነበበ። ቤቱ ለትርንጎ፣ የንብ ቀፎዎቹ ለወንድማቸው ልጆች። እኚህ መምህር እንኳ ‹ኧረ ቀስ፣ እኔንም አደነቆርከኝ› ብለውታል!»

መምህሩ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። «እውነት ነው! ያ ጩኸት! አሁን አስታወስኩት!»

ትርንጎ ቀና አለች።

ወገኖቼ፣ እኛስ? በየሳምንቱ ቃሉ ሲነበብልን እንቀመጣለን። መጨረሻ ላይ አሜን እንላለን። አሜን ፊርማ አይደለምን? ስንቶቻችን ባልሰማነው ላይ ፈርመናል? ስንቴስ «አልገባኝም» ማለት አፍረን ራሳችንን ነቅንቀን ወጥተናል?

ማንን ነው የምታፍሩት? ጸሐፊው ይቆጣ ይሆናል። ባለ ኑዛዜው ግን አልተቆጣም። «ድገምላት» ያለው እሱ ነው። የእኛም አባት እንዲሁ ነው፤ መቶ ጊዜ ብትጠይቁት መቶ ጊዜ ይደግምላችኋል።

ደግሞም የምትሰሙት ለራሳችሁ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አንድ ቀን አንድ የጨነቀው ሰው፣ ልጃችሁ ወይም ጎረቤታችሁ፣ «በእርግጥ ሰምታችኋል?» ብሎ ዓይን ዓይናችሁን ያያል። ያን ቀን የእናንተ መስማት ለእሱ ቤት ነው። ምን ትመልሱለታላችሁ?

ዳኛው ኑዛዜው የጸና ነው ብለው ወሰኑ። እማማ እጃቸውን አወጡ፤ «አልሰማሁም» አሉ። ዳኛው ጮክ ብለው ደገሙት።