የእታለም ድምፅና አንዱ ወንበር

በአንድ ወቅት፣ ድሬዳዋ ላይ ሰው ሰዓቱን በባቡር ፉጨት በሚያስተካክልበት ዘመን፣ ጋሽ ሽብሩ የሚባል ጊታር ተጫዋች ነበር። ከዚራ በሚባለው ሰፈር በነበረ አንድ የሠራተኞች ክበብ ውስጥ፣ ኮከበ ምሥራቅ ከተባለው ባንድ ጋር ሠላሳ ዓመት ተጫውቷል። ጊታሩን «እታለም» ይላታል። ሚስቱን እንኳ እንዲህ አቆላምጦ አያውቅም እያሉ ያሙታል፤ ሚስቱ ወይዘሮ አስካለ ራሷ ከሐሜተኞቹ አንዷ ነበረች።

እታለም ድምፀ ወፍራም ነበረች። ምሥጢሩ ከክሮቿ ሥር ነው። እዚያ ጊታረኞች ፒካፕ የሚሉት ዕቃ አለ፤ ማግኔት ነው፣ በዙሪያው እንደ ፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ተጠቅልሎበታል። ክሩ ሲርገበገብ የሚሰማውና ለድምፅ ማጉያው የሚያቀብለው እሱ ስለሆነ የጊታር ጆሮ ብንለው አናጋንንም። የእታለም ደግሞ ሀምበከር የሚባለው፣ ባለ ሁለት ጥቅሉ ነው። ባለ አንዱ ጥቅል ሁልጊዜ እምምም እያለ ያጉረመርማል፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሆኑ ግን ማጉረምረሙን ያጠፉታል፣ ድምፁንም ያወፍሩታል። እታለም በዚህ በአሮጌ ሀምበከሯ ስትዘፍን ከክበቡ ውጭ የቆመ ጋሪ ነጂ ሳይቀር ትከሻውን ይሰብቅ ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን ጋሽ ሽብሩን ዓይኑ አሳሳተው። ከጅቡቲ በመጣ ዕቃ መካከል ወርቅማ ክዳን ያለው አዲስ ፒካፕ አየ። ያብለጨልጫል፤ ጉልበቱም የድሮው እጥፍ ነው ተባለ። ወዲያው አሮጌውን ነቅሎ አዲሱን ተከለ፤ አሮጌውንም «ለመለዋወጫ ይሁንህ» ብሎ ለሬዲዮ ጠጋኝ ሰጠው። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ! ቅዳሜ መድረክ ላይ የመጀመሪያውን ክር ሲመታ እታለም እንደ ትንኝ ጮኸች። ሊደንሱ የተነሡ ሰዎች መልሰው ተቀመጡ። ከበሮ መቺው ጎንበስ ብሎ፣ «ጋሽ ሽብሩ፣ ሚጥሚጣ አጉርሰሃታል እንዴ?» አለው። ጋሽ ሽብሩ ጊታሩን አቅፎ ወደ ቤቱ ሄደ፤ ሦስት ወርም ከቤት አልወጣም።

ኮከበ ምሥራቅ ደግሞ የራሱ ሕግ ነበረው፦ ወንበሩ የጊታሯ ነው። የእታለም ባለቤት ይቀመጥበታል፤ እታለም ከሌለች ማንም አይቀመጥበትም። ወንበሩ ባዶውን ሲከርም የክበቡ ኮሚቴ ታገሠ፣ ታገሠና በመጨረሻ ቁርጡን ተናገረ። እስከ መስከረም ሁለተኛው እሑድ ወንበሩ ካልሞላ፣ ከበሮውንም፣ ሳክስፎኑንም፣ ጊታሩንም ብቻውን የሚጫወት አንድ ባለ ኪቦርድ ይመጣል፤ ባንዱም ይበተናል።

ይህን ጊዜ ጋሽ ሽብሩ ሦስት ልጆቹን ጠራ። ሦስቱንም ጊታር ያስተማራቸው ራሱ ነው፤ ሦስቱም ያንን ወንበር ሲመኙ ነው ያደጉት።

«የእኔ ጣቶች ደክመዋል» አላቸው። «የእታለምን ድምፅ የመለሰ እታለምን ይወስዳታል፤ ወንበሩም የእሱ ነው። ግን ለአንድ ሰው ነው የምሰጠው። ጊታር እንደ ዳቦ አይቆረስም።»

የመጨረሻው ልጅ ባዩ በባቡሩ ላይ ትኬት ቆራጭ ነበር። ስጦታው ሰው መጠየቅ ነው፤ አይታክተውም፣ አያፍርም። ከሬዲዮ ጠጋኙ ጀመረ። ጠጋኙ ፒካፑን ፈታትቶት፣ ሽቦው ተበጣጥሶ ተጥሏል፤ ባዶው መያዣ ብቻ ከብሎን ጋር ቆርቆሮ ውስጥ ተገኘ። ማግኔቱስ? ለፀጉር አስተካካይ ተሰጥቷል። ፀጉር አስተካካዩስ? ቀፊራ ገበያ ላለ ልብስ ሰፊ አማቹ ሰጥቶታል። ባዩ ሲደርስ ልብስ ሰፊው በእታለም ማግኔት ከመሬት መርፌ እየለቀመ ነበር።

«ይሄንንማ አልሰጥም» አለ ልብስ ሰፊው። «ይሄ ከመጣ ወዲህ ደንበኛ በመርፌ ተወግቶብኝ አያውቅም።»

ባዩ ቤቱ ተመለሰ። የራሱን የጊታር ማጉያ፣ ስንት ዓመት ሲለማመድበት የኖረውን፣ ፈታው፤ የስፒከሩን ትልቅ ማግኔት አውጥቶ ለልብስ ሰፊው ወሰደለትና ለወጠ። «የማጉያው ማግኔት ራሱ ለጊታሯ አይሆንም ነበር?» ብትሉ አይሆንም፤ ትልቅ ነው፣ ጉልበቱም ክሩን ይጎትታል። የእታለም ማግኔት በእርጅና ለዝቧል፤ ወፍራሙ ድምፅ የሚወደው ልዝቡን ነው። ባዩ ማግኔቱንና መያዣውን በመሐረብ ጠቅልሎ ለታላቅ ወንድሙ አስረከበ።

ታላቁ ደምሰው የተቃጠለ የኤሌክትሪክ ሞተር ሽቦ ጠቅልሎ አዳሪ ነበር። ስጦታው እጁ ነው፤ እሱ የጠቀለለው ሽቦ በደንብ የተሠራ ሹሩባ ይመስላል። በወርክሾፑ መጠቅለያ ማሽን ለእያንዳንዱ ጥቅል አምስት አምስት ሺህ ዙር አዞረ፤ አንዱ ሽቦ በአንዱ ላይ ሳይዛነፍ። ሲተከል ትንኟ ጠፋች፤ ነገር ግን እህቱ ትርሲት ራሷን ነቀነቀች።

«ንጹሕ ነው» አለች። «እታለም ግን አይደለችም።»

«ምኗ ጎደለ?»

«ትንፋሿ። የድሮው በእጅ የተጠቀለለ ነው መሰለኝ። አንተ በጣም አሳመርከው።»

ሞተር ለሚጠቀልል ሰው «አሳመርከው» ብሎ መውቀስ ስድብ ነው። እዚያ ወርክሾፕ አንድ ሽቦ በአንድ ሽቦ ላይ ከተሻገረ ሰው ይሰደባል። ደምሰው ሁለት ቀን አኮረፈ። በሦስተኛው ቀን ያንን ያማረ ጥቅል ሁሉ ፈታ፤ የሥራ ጓደኞቹ እንዳያዩት በሩን ቆልፎ፣ በእጁ እያዞረ፣ ሽቦው ወደፈቀደው እንዲሄድ እየለቀቀ ጀመረ። ሽቦው አራት ጊዜ ተበጠሰበት፤ አራት ጊዜም ከአንድ ቆጠረ። ዘጠኝ ቀን ፈጀበት። ሲጨርስ ሥራውን አይቶ አፈረ፤ የወፍ ጎጆ ይመስል ነበር።

ትርሲት የስልክ ቤት ሠራተኛ ናት፤ መስመር ታገናኛለች። ስጦታዋ ጆሮዋ ነው፤ ግማሹን የከተማ ሰው «ሃሎ» ሳይል በሳሉ ታውቀዋለች። በዚያ ክበብ ሴት ስትዘፍን እንጂ ሴት ጊታር ይዛ ስትቀመጥ ታይቶ ስለማያውቅ፣ ወንበሩን የምትመኘው ድምፅ ሳታሰማ ነበር። ፒካፑ ቅዳሜ ጧት ሲተከል ወንድሞቿ እርስ በርስ ተቃቀፉ። ወፍራሙ ድምፅ መጥቷል።

«ቆዩ» አለች። «ታፍናለች።»

«ኧረ አቦ፣ ምን ታካብጃለሽ!» አለ ባዩ።

«ይኸው ነው፤ ከዚህ በላይ የለም» አለ ደምሰው። ሁለቱም ወጥተው ጥላ ሥር ተቀመጡ።

ትርሲት ጆሮዋን የጊታሯ ሆድ ላይ ለጥፋ ወፍራሙን ክር ነካች። ፒካፑ ለክሮቹ በጣም ቀርቧል፤ አስጨንቋቸዋል። ጠመንጃ መፍቻውን አነሣችና ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት ብሎኖች ሩብ ዙር አላላች። መታች፣ አዳመጠች። እንደገና ሩብ ዙር። ፀሐይዋ አናት ላይ እስክትደርስ ድረስ እንዲህ ስታደርግ ቆየች፤ ፒካፑ ግን ዝቅ ያለው የአንድ ሳንቲም ውፍረት ያህል ብቻ ነው። ከዚያ አንድ ጊዜ መታች።

ወይዘሮ አስካለ ሽንኩርት የነካ እጇን ሳትታጠብ ከማዕድ ቤት ሮጣ ወጣች። «መጣች እንዴ?» አለች። ያችኑ ባሏን ስታማባት የኖረችውን ጊታር እያየች አለቀሰች። ሽንኩርቱ ነው ብላለች፤ እኛም ሽንኩርቱ ነው እንበል።

በማግስቱ፣ ኮሚቴው በቆረጠው እሑድ፣ ከሰዓት በኋላ ክበቡ ጢም ብሎ ሞላ። ባለ ኪቦርዱም መጥቶ፣ ኪቦርዱን በነጭ ጨርቅ እንደሸፈነ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ጋሽ ሽብሩ እታለምን ይዞ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና አንድ ዜማ ብቻ ተጫወተ። ያኔ በትንኟ ቀን መልሰው የተቀመጡት ሰዎች ዛሬ ተነሥተው ደነሱ። ዜማው ሲያልቅ ጋሽ ሽብሩ ተነሣ፤ እታለምን ባዶው ወንበር ላይ አስተኛትና ወደ ልጆቹ ዞሮ፣ «ማን ይውሰዳት?» አለ።

«ማግኔቱ ባይገኝ ደምሰው በምኑ ላይ ይጠቀልል ነበር? እሷስ ምኑን ዝቅ ታደርግ ነበር?» አለ ባዩ። «እኔ ዛሬ ቤቴ የምለማመድበት ማጉያ እንኳ የለኝም።»

«ማግኔት ብቻውን መርፌ ይለቅማል እንጂ አይዘፍንም» አለ ደምሰው። «ሠርቼ አፈረስኩ። የሙያዬን ክብር ጥዬ ነው አሥር ሺህ ዙር ያዞርኩት።»

«ሁለታችሁም ጨርሰናል ብላችሁ ጥላ ሥር ተቀምጣችኋል» አለች ትርሲት። «የታፈነችውን ይዛችሁ ልትመጡ ነበር። እሷን ሰምቶ ያወቃት ማን ነው?»

ጋሽ ሽብሩ አንዱን አየ፣ ሌላዋን አየ፣ ሦስተኛውን አየ። ሦስቱም እውነት ተናግረዋል፤ ሦስቱንም ይወዳቸዋል። በመጨረሻ ወደ ሕዝቡ ዞሮ ሳቀ።

«ወገኖቼ፣ እኔ እኮ ብልጭታ አይቼ ድምፅ የጣልኩ ሰው ነኝ። በእኔ ምርጫ አንድ ጊዜ ተቀጥታችኋል፤ ሁለተኛ አትቀጡ። እናንተ ፍረዱ።»

ክበቡ ተናጠ። የባቡሩ ሰዎች «ባዩ!» አሉ፤ የወርክሾፑ ሰዎች ጠረጴዛ እየደበደቡ «ደምሰው!» አሉ፤ ሴቶቹ በእልልታ «ትርሲት!» አሉ። ወይዘሮ አስካለ ሦስቱንም ስም እያፈራረቀች ጮኸች። በዚህ ሁሉ ጫጫታ መካከል ኮሚቴው ሰዓቱን አየ፤ ባለ ኪቦርዱም የጨርቁን አንድ ጫፍ ቀስ አድርጎ አነሣ።

ከበሮ መቺው ይህን ሲያይ አልቻለም፤ ዱላዎቹን አጋጭቶ መቁጠር ጀመረ። አንድ ብሏል፣ ሁለት ብሏል፣ ሦስት ብሏል። አራት ሲል እታለምን ያነሣ ሰው ወንበሩ ላይ መገኘት አለበት። እንግዲህ እናንተ የሰማችሁ፣ ከበሮ መቺውን አታስጠብቁት፦ የጠፋውን ፈልጎ ያገኘው ባዩ፣ ያማረውን አፍርሶ እንደገና የሠራው ደምሰው፣ ወይስ ሁሉም በቃ ሲሉ ያዳመጠችው ትርሲት፣ ማን ይቀመጥ?