«ደህና ነኝ» ያለው ገበሬ

አንድ ገበሬ ነበረ፤ መታመሙን የማያውቅ በሽተኛ። ይርዳው፣ «ልቤ ካልወቀሰኝ ማጥፋቴን በምን አውቃለሁ?» ብለህ ጠይቀኸኛልና የዚህን ሰው ነገር ስማ።

ገበሬው ሳምንት ሙሉ ሲያስለውና ሲያተኩሰው ቆየ። ሚስቱ ነዝንዛ ጤና ጣቢያ ወሰደችው። በእግሩ ነው የገባው፤ በር ላይ ያገኘውን ሁሉ እየጨበጠ፣ ስለ ዝናቡ እያወራ። ነርሷ ግን ከንፈሩና ጥፍሩ መጥቆሩን አየች። እንደ ልብስ መቆንጠጫ ጣት የምትይዝ ትንሽ መለኪያ አደረገችለት። መለኪያዋ ሰባ አንድ አሳየች። ነርሷ አላመነችም፤ በራሷ ጣት ሞከረቻት፤ ዘጠና ሰባት። መልሳ በእሱ ጣት፤ ስልሳ ዘጠኝ።

«አባባ፣ ደምዎ ውስጥ ያለው ኦክስጅን በጣም ወርዷል። ሳንባዎ ታሞ ውሃ ስለቋጠረ የሚስቡት አየር ደም ውስጥ አይገባም። አሁኑኑ የኦክስጅኑን ጭምብል ፊትዎ ላይ ላድርግልዎ» አለችው።

ገበሬው ሳቀ። «ልጄ፣ ሕመሜን የማውቀው እኔ ነኝ ወይስ ያቺ ዕቃ? ትንፋሽ አላጠረኝም። ደህና ነኝ።»

ጭምብሉን ገፍቶ ተነሣ። ሚስቱ በሩን ዘግታ ቆመች። «ዞር በይ!» ብሎ ጮኸባት፤ በትዳር ዘመናቸው እንዲያ ጮኾባት አያውቅም።

ነርሷ አልተሟገተችም። «እሺ፣ ይሂዱ። ብቻ የልጆችዎን ስም ይንገሩኝና ይሂዱ።»

«ይሄ ምን ያቅታል!» የመጀመሪያውን ጠራ። ሁለተኛዋን ጠራ። ሦስተኛው ላይ አፉን እንደከፈተ ቀረ። ሚስቱን አያት። ልትነግረው ስትል ነርሷ በእጇ ከለከለቻት። ጠዋት ሲወጣ የሳመውን ልጅ ስም ቢፈልግ ቢፈልግ አጣው። ያን ጊዜ ፈራ። ተመልሶ አልጋው ላይ ተቀመጠ፤ ጭምብሉንም በገዛ እጁ አንሥቶ ፊቱ ላይ አደረገ።

የኦክስጅኑ ሲሊንደር ተከፈተ። ሚስቱ ቁጥሩን ብቻ ታያለች። ሰባ ስምንት። ሰማንያ ደርሶ ተመልሶ ወረደ። ነርሷ ለሳንባው መድኃኒት በደም ሥሩ ሰጠችው፤ ጀርባውንም በትራስ ደግፋ ቀና አደረገችው። ሰማንያ ስድስት። ብዙ ቆይቶ ዘጠና ሁለት። ያኔ ከጭምብሉ ሥር፣ «አስናቀው» አለ፤ የሦስተኛው ልጁ ስም ነው። ሚስቱ አለቀሰች። አምስት ቀን ተኝቶ ታከመና ድኖ ወጣ።

ይርዳው፣ ያ ሰው አልዋሸም። ደህና የሆነ መስሎት ነው። አየር ያጣው አእምሮው ነበር፤ ማጣቱን ሊነግረው የሚገባውም ያው አእምሮ ነው። ያንተም ልብ እንደዚሁ ነው። እህትህን ከአባታችሁ ቤት ካስወጣሃት ወዲህ ርኅራኄ አልደረሰውም፤ በምን አቅሙ ይውቀስህ? ዝምታውን እንደ ጤና አትቁጠረው። እሷ ዘንድ ሂድና ምን እንዳደረግሃት ጠይቃት። ስትነግርህም ተነሥተህ አትውጣ።