ቦታ የተነፈገው ጃርት

ይህን ተረት የነገረን አያቴ ደምለው ነበር። ልጅ ሆኜ ስለሰማሁት አንዳንዱን አሳስቼ ይዤው ይሆናል፤ ከርከሮ ተናገረ የምለውንም ቀበሮ ተናግሮት ሊሆን ይችላል። የነገሩ አካሄድ ግን እንዲህ ነው።

ድሮ፣ አያቴም ስሙን በማያውቀው አገር፣ እንስሳት በአንድ ትልቅ ዋርካ ሥር ይሰበሰቡ ነበር። ውሃ የሚከፋፈሉትም፣ የሚካሰሱትም፣ የሚማማሉትም እዚያ ነው። ለክፉ ቀን የሚሆን እህል በአንድ ጉድጓድ አኑረው አፉን በድንጋይ ይከድኑታል።

በአንድ የረሃብ ወቅት ጃርት ጉድጓዱን በጎን ቆፍሮ እህል ሰረቀ። ተያዘ፤ አመነ። ዳኛው ጎሽም ዝናብ እስኪመጣ ድረስ የደፈረሰውን ምንጭ እንዲጠርግ ፈረደበት። ጃርት ጠረገ። ዝናቡ መጥቶ ቅጣቱ ሲያልቅ፣ እንደ ቀድሞው በዋርካው ሥር ሊቀመጥ መጣ። ይሄኔ እመት ጦጣ ከቅርንጫፉ ላይ ሆና፣

«የሰረቀ እጅ ታጥቦ አይነጻም። ዛሬ ቦታ ብንሰጠው ነገ ይፈርድብናል» አለች።

ጎሽ የጃርት ቅጣት ማለቁን ቢያስታውሳቸውም የሰማው የለም። ሕግ አወጡ፤ የሰረቀ በዋርካው ሥር አይቀመጥም፣ አይናገርም፣ አይምልም። ቦታ የሌለው ደግሞ የውሃ ተራ የለውም። ስለዚህ አባታቸው ከጠረገው ምንጭ የጃርት ልጆች ጭቃውን ይጠጡ ጀመር፤ ሌላው ሁሉ ጠጥቶ ከሄደ በኋላ።

ጃርት በበጋው መጥቶ ልጆቼ ታመሙ አለ። ጦጣም «የሰረቀ እጅ ታጥቦ አይነጻም» አለችው። ተመለሰ። በመኸሩ መጥቶ ቢያንስ ልጆቼ በተራ ይጠጡ አለ። ጦጣም «የሰረቀ እጅ ታጥቦ አይነጻም» አለችው። ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ መምጣቱን ተወው።

ከዕለታት አንድ ቀን ጉድጓዱ ሲከፈት እህሉ ጎድሎ ተገኘ። በጎኑ የተቆፈረ ነገር የለም፤ ክዳኑም በቦታው ነበር። አውጫጭኝ ተጠራ። አውጫጭኝ ማለት ሌባው እስኪታወቅ ድረስ ሁሉም አንድ ላይ የሚቀመጥበት ነው፤ ወደ ግጦሽም ሆነ ወደ ቤት የሚሄድ የለም። ጦጣ ወዲያው ተነስታ፣ ጃርት ክዳኑን አንስቶ በጉድጓዱ አፍ ሲገባና ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ ብላ ማለች። ሁሉም እፎይ ብሎ ሊበተን ሲል ጎሽ አስቀመጣቸው።

«አውጫጭኝ የሚያልቀው የተከሰሰው ሲያምን ወይም ሲምል ነው» አለ። «ጃርትን እንዳይናገር፣ እንዳይምል ያደረግነው እኛው ነን።»

«ታዲያ ሳይምል ይፈረድበት» አለች ጦጣ።

«እሱን ሳይምል ከፈረድንበት፣ ነገ አንቺንም ሳትምዪ እንፈርድብሻለን።»

ተቀመጡ። ፀሐይ ጠለቀች፤ ደግሞ ወጣች። ከርከሮ ሆዱን እያሻሸ፣ «ጌቶቼ፣ ይሄ ሕግ ጃርትን ከውሃ አስቀረ፤ እኛን ደግሞ ከምሳ» አለ። የሳቀ የለም። ረሃቡ ሲበረታ አንዱ ሌላውን ማየት፣ ሌባው ምናልባት ሌላ ይሆን እንዴ እያለ መንሾካሾክ ጀመረ። ይሄኔ ጦጣ ፈራች።

«እሺ፣ ቦታውን መልሱለትና ይማል» አለች። «የሌባን መሐላ ማን ያምነዋል?»

ጃርት ተጠርቶ መጣ፤ ግን አልተቀመጠም።

«የምቀመጠው ለዛሬ ብቻ ነው ወይስ ለዘለቄታው?» ሲል ጠየቀ።

«ለዘለቄታው» አለ ከርከሮ። «ብቻ ቶሎ በል፣ ወንድሜ።» ሌሎቹም ተስማሙ።

ጃርት ተቀመጠ። «ያኔ መስረቄን አልክድም» አለ። «በጎን የቆፈርኩት ግን በአፉ መግባት ስለማልችል ነው። በዚያ ጠባብ አፍ ይሄን ሁሉ እሾህ ይዤ እንዴት እገባለሁ? ኑና ክተቱኝ።»

ወሰዱት። ከርከሮ ከኋላ ሲገፋው አፍንጫውን ተወጋና፣ የሚቀጣው እሱ ነው ወይስ እኔ ነኝ እያለ አጉረመረመ። ጃርት ትከሻው ላይ ሲደርስ ተቀርቅሮ ቀረ።

ጎሽም ወደ ጦጣ ዞሮ እስቲ አንቺ ሞክሪ አላት። ሆዴን አሞኛል አለች። ማንም አልሰማትም፤ ከተቷት። ሹልክ ብላ ገባች። ጉድጓዱ ጥልቅ ነው፣ ጨለማም ነው። ገመድ እስኪመጣልሽ ጠብቂ ሊሏት ሲሉ፣ ግድግዳው ውስጥ የተፈለፈሉትንና ከላይ የማይታዩትን መርገጫዎች አንዱንም ሳትስት እየረገጠች ወጣች።

«መርገጫውን ማን አሳየሽ?» አላት ጎሽ።

ጦጣ አመነች። ምንጩን እንድትጠርግ ተፈረደባት። የጃርት ልጆችም በዚያው ቀን በተራቸው ጠጡ።

አያቴ እዚህ ሲደርስ እንዲህ ይል ነበር፤

ቅጣት ሲያልቅ የማያልቅ ክስ፣
ለሌላው ሌባ ይሆናል ልብስ።

እኔ የማስታውሰው እስከዚህ ነው። ጦጣ ቅጣቷን ከጨረሰች በኋላ ምን እንደ ሆነች ስላላወቅሁ፣ ተረቱን ከእኔ በፊት የሰማችውን አክስቴን የሺመቤትን ጠየቅኋት። ጦጣ ወደ ዋርካው ስትመጣ ሁሉም ከቦታው ሳይነቃነቅ እንዳያት፣ ጠጋ ብሎ ከጎኑ ቦታ የለቀቀላትም ጃርት እንደ ነበር ነገረችኝ።