ጃርት የወረወረችው አበባ

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ፣ አንበሳ ልጁን ሊድር ቀን ቆረጠ። አንበሶች እንደ ሰው ጥርን አይጠብቁም፤ ሚዳቋ በሚሰባበት ወር ነው የሚድሩት። ለሠርግ መሶብ ያስፈልጋል፤ መሶብ ከተባለ ደግሞ ያለ እመት ጃርት ማን አለ? እሷ ወስፌ ከጎረቤት አትዋስም፤ ከገዛ ጀርባዋ ነቅላ ትሰፋለች። እናቷም አያቷም የአንበሳ ቤት መሶብ ሰፊዎች ነበሩ። ተረተሩ ላይ ያለችው ጉድጓድ የተሰጠቻቸውም ለዚሁ ሙያቸው ነው። ጃርት የተወለደችው እዚያች ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ሦስት ልጆቿንም እዚያው አሳድጋ ለወግ ለማዕረግ አብቅታለች።

ሠርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የጀመረችውን መሶብ ይዛ አንበሳ ፊት ቀረበች። አንበሳ አየና አዛጋ።

«ይሄን መሶብ በታላቅ ወንድሜ ሠርግ አይቼዋለሁ።»

«ያ የእናቴ ስፌት ነበር፣ ጌታዬ።»

«በእኔም ሠርግ አይቼዋለሁ።»

«ያ እንኳ የእኔ ነው።»

«አንድ ረድፍ ቀይ፣ አንድ ረድፍ ጥቁር፣ እንደገና ቀይ፣ እንደገና ጥቁር! ልጄ ዓይን ያላየው ጥለት ትፈልጋለች። አያ ጅቦም እኔ እሰፋለሁ ብሏል። የሠርጉ ዕለት የሁለታችሁንም አያለሁ፤ የበለጠው ሙያውንም ጉድጓዱንም ይውሰድ።»

ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። የኛው ጅብ ግን እዚያው በሚያውቁት አገር ነው ስፌት እችላለሁ ያለው! ስለ መሶብ የሚያውቀው ነገር ቢኖር ከታች በቆዳ መለበጡን ብቻ ነበር። ነገሩንም ራሱ አላሰበውም፤ ያሰበችለት እመት ቀበሮ ናት። ቀበሮ መቆፈር አትወድም፤ የተቆፈረ ግን በጣም ትወዳለች። «አንተ ሙያውን፣ እኔ ጉድጓዱን» ተባብለው ተስማምተዋል።

ጃርት አንገቷን ደፍታ ስትመለስ ቀበሮ መንገድ ላይ ጠበቀቻት።

«ምነው እመት ጃርት፣ ፊትሽ ጠቆረ?»

«አዲስ ጥለት ከየት ላምጣ፣ እህቴ? ወስፌ ባነሳሁ ቁጥር እጄ የሚሰፋው የእናቴን ነው።»

«ወይ አለማወቅሽ! ጥለትማ ያለው ሩቅ አገር ነው። ከሦስቱ ተራራ ማዶ የሚኖረው ነብር ከራሱ እስከ ጅራቱ ጥለት ነው። ሄደሽ ቅጂው።»

ጃርት የዋህ ናት። በዚያች አጭር እግሯ አራት ቀን ሙሉ ስታዘግም ሄዳ ነብርን ዛፍ ላይ ተጋድሞ አገኘችው።

«ጌታው፣ ጥለትዎን ልቀዳ ነበር የመጣሁት።»

ነብር ከንፈሩን ላሰ። «ምን ገዶኝ! ጠጋ ብለሽ እይው።»

ጠጋ ስትል ግን ያየችው ጥለቱን ሳይሆን ጥርሱን ነው። እግሬ አውጪኝ ብላ ፈረጠጠች።

ቤቷ ስትደርስ ለሠርጉ የቀረው ስድስት ቀን ብቻ ነበር። ደክሟታል፣ ርቧታል፣ ተስፋም ቆርጣለች። እንደ ልማዷ ከደጇ አንድ ተክል ነቀለች፤ ሥሩን ቆረጠመች፣ አበባውን ወደ ኋላ ወረወረች። ሌላም ነቀለች፣ ሌላም ወረወረች። የጃርት ነገር እንዲህ ነው፤ ዕድሜ ልኳን ሥሩን ስትበላ ኖራ አበባውን አንድ ቀን እንኳ ቀና ብላ አላየችውም።

ጎረቤቷ ሽኮኮ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ስታያት ሳቋ አመለጣት።

«ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ ሙሽራዋ አንቺ ነሽ እንዴ?»

«ደግሞ ምን ሆንኩ?»

«እስቲ ኩሬው ውስጥ ራስሽን እዪ!»

ጃርት ወደ ኩሬው ጎንበስ አለች። የወረወረቻቸው አበቦች ሁሉ ጀርባዋ ላይ ተሰክተዋል፤ ቢጫው አደይ፣ ሐምራዊው ኮሸሽላ፣ ነጩ የቀጋ አበባ። ከነጭና ጥቁር እሾኋ ጋር ተሰባጥረው የሠሩትን ዓይነት ጥለት እናቷም አያቷም ሰፍተው አያውቁም።

«ይሄ ሁሉ እደጄ ላይ ነው የኖረው?» አለች። ደስ አላት፤ አፈረችም።

በማግስቱ ሥር መቆፈሩን ትታ በቤቷ ዙሪያ ስትዞር ዋለች። አደይዋን አቅርባ ስታያት ክንፎቿ ስምንት ናቸው፤ መሐሏም ከጫፏ ይደምቃል። ማገጥ የምትባለው ትንሽ አበባ ከሣሩ ሥር ተሸሽጋ ትስቃለች። ኮሸሽላዋ ድብልብል ናት፣ ሁለመናዋም እሾህ ነው። «አንቺስ ዘመዴ ሳትሆኚ አትቀሪም» አለቻት ጃርት። ከዚያ የምትሰፋበትን ሣር፣ አክርማዋን፣ ቀለም ነከረች፤ የድሮውን ቀይና ጥቁር ፈትታ እንደ አዲስ መስፋት ጀመረች።

ቀበሮ ይህን ከቁጥቋጦ ውስጥ አይታ ወደ ጅብ በረረች።

«ምስጢሩን አገኘሁት፣ አያ ጅቦ! አበባ ነው። ቀጥፈህ መሶብህ ላይ ሰካበት!»

ጅብም ተረተሩን ላጨው። ለመድኃኒት የምትሆን አንዲት አበባ አላስቀረም። ጃርት ጠዋት ብቅ ስትል ደጇ ራቁቱን ቆሟል፤ ሠርጉ ሦስት ቀን ቀርቶታል፣ መሶቡ ገና እኩሌታው አልተሰፋም። ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች።

«አለቀልሽ በዪኛ!» አለች ሽኮኮ አዝና።

ጃርት ዓይኗን ጨፈነች። «የአደይዋ ክንፍ ስምንት... መሐሏ ደመቅ ያለ... ማገጧ ዝቅ ብላ...» አለችና ዓይኗን ገለጠች። «የቱም አልጠፋብኝም!» ወስፌዋንም አነሳች።

የሠርጉ ዕለት መጀመሪያ የቀረበው ጅብ ነው። የሰካው አበባ ሦስት ቀን ስላለፈው ጠውልጎ፣ መሶቡን ገና ሲያስቀምጠው ረገፈ። አንበሳ መሶቡን ገለበጠው።

«የታችኛው ቆዳ የት ሄደ?»

ጅብ አቀረቀረ። «መንገዱ ረጅም ነበር፣ ጌታዬ።»

ሠርገኛው በሳቅ አለቀ። ቀጥሎ ጃርት መሶቧን ገለጠች። ያን ጊዜ ሳቁ ቆመ። ሙሽራዋ ተነሥታ ቀረበችና አፍንጫዋን አስጠግታ አሸተተችው።

«ይሄን ጥለት ከየት አገር አመጣሽው?»

«ከደጄ ነው፣ እመቤቴ። እርስዎም አባትዎም አደን ስትወጡ በየቀኑ ትረግጡታላችሁ።»

አንበሳ ሳያስበው እግሩን ብድግ አደረገ። «ሙያውም ጉድጓዱም የአንቺ ነው» አላት።

ጃርት ቤቷ ስትደርስ ታዲያ ቀበሮ ዕቃዋን አስገብታ ተጋድማለች። «ዘገየሽ፣ እህቴ። ቤቱ ተይዟል» አለቻት። ጃርት ዞር አለች፣ እሾኋን አቆመች፣ በጀርባዋ ገባች። ቀበሮ እየጮኸች ወጥታ ስትሮጥ አፍንጫዋ ላይ አራት ወስፌ ተሰክቶ ነበር።

«እመት ቀበሮ!» አለቻት ሽኮኮ፤ «አንቺም ስፌት ጀመርሽ እንዴ?»

ከዚህ የምንማረው ከደጃችን የበቀለውን ሌባ ሊቀጥፈው ቢችልም፣ ልብ ብለን ያየነውን ግን ማንም ሊቀማን እንደማይችል ነው።