አራት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ የተጠቀሰው መስመር

አንድ የእንስሳት በሽታ ተመራማሪ ነበር። በዩኒቨርሲቲው ስሙ የታወቀ፣ ጽሑፉም በውጭ አገር መጽሔቶች የሚታተምለት ሰው ነው። በሥራ ዘመኑ አንድ መቶ አርባ ጥናት አሳትሟል። ከሁሉም ይበልጥ ስሙን ያስጠራችው ግን አንዲት ጥናት ናት፤ እሷንም የሠራት በቆላ አገር፣ ፍየልና ግመል በሚያረቡ ሰዎች መንደር ነው።

በዚያ ቆላ አንድ ልማድ አለ። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም። ቁጭ ይሉና አንዱ ያየውንና የሰማውን ሁሉ ለሌላው ይነግረዋል። ዝናብ የት ጣለ፣ ሣር የት አለ፣ የማን እንስሳ ታመመ፣ ማን ሞተ። ከዚያ ሌላው በተራው ይናገራል። ይህን ዳጉ ይሉታል። የሰማም ሰው ለሚቀጥለው ማድረስ አለበት። ሰው የሚጎዳ ነገር እያወቀ ዝም ያለ በዚያ መንደር እንደ ጥፋተኛ ተቆጥሮ ሽማግሌ ፊት ይቀርባል።

ተመራማሪው ወደዚህ መንደር የመጣው ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ነበር። ያን ጊዜ ፍየሎቹ ቀናቸው ሳይደርስ ግልገል እየጣሉ ነበር፤ ከሴቶቹም ፅንስ የወጣባቸው ብዙ ነበሩ። "ደም ልውሰድና ምክንያቱን ልፈልግ" አለ። የመንደሩ ሽማግሌ ገአስ ሰዉን ሰበሰቡለት። ከእንስሳውም ከሰውም ደም ተቀዳ። ሙሚና የምትባል አዲስ ሙሽራ ክንዷን ሰጠችው። የመጀመሪያ ፅንሷ ከወጣባት ሁለት ወር አልሞላም ነበር።

"ምን እንደሆነ ስታውቅ ትነግረኛለህ?" አለችው።

"እንዴታ!" አላት።

በዚህና በአጎራባች መንደሮች ደም እየቀዳ ዓመት ሙሉ ተመላለሰ። ቋንቋቸውን እስኪለምድ ድረስ ቆይቷልና፣ ኋላ አልተግባባንም ብሎ ሊያመካኝ አይችልም። ወተት ሲያቀርቡለት "ሆዴን ያመኛል" እያለ ይመልስ ነበር። ፍየል ሲነካም ጓንት ያጠልቃል። ሰዎቹ "የከተማ ሰው ነው፣ ይጸየፋል" አሉ። እንግዳን ለምን ትጸየፋለህ ብሎ መጠየቅ በእነሱ ዘንድ ነውር ስለሆነ ዝም አሉት።

ከዚያ ሄደ። ምክንያቱን አግኝቶት ነበር። በሽታው በፍየሎቹ ውስጥ ያለ ነው። ባልፈላ ወተትና በተጨነገፈ ግልገል በኩል ወደ ሰው ይተላለፋል፤ ትኩሳት ያመጣል፣ እርጉዝ ሴትንም ሊያስወርድ ይችላል። ይህን ሁሉ በአሥራ ሁለት ገጽ ጻፈው። በመጨረሻው ገጽ ላይ እንዲህ የሚል መስመር አስቀመጠ፦ "የአካባቢው ኅብረተሰብ ወተት አፍልቶ እንዲጠጣና የተጨነገፈ ግልገል በባዶ እጁ እንዳይነካ በአስቸኳይ ሊነገረው ይገባል።"

መስመሯ ተወደደች። ሌሎች ተመራማሪዎች እየጠቀሷት ጻፉ። አራቱ እንዲያውም እዚያው መንደር ድረስ ሄደው እንደገና ደም ቀዱ፤ ያንኑ በሽታ አገኙ። በጽሑፋቸው መጨረሻም "ከዚህ ቀደም እንደተገለጸው ኅብረተሰቡ በአስቸኳይ ሊነገረው ይገባል" ብለው የእሱን ስም ከሥር አስቀመጡ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ጥናቱ አራት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ተጠቀሰ።

ለመንደሩ የነገረ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

በአሥራ አንደኛው ዓመት ዩኒቨርሲቲው ሊሸልመው ወሰነ። በሽልማቱ ቀን አዳራሹ ውስጥ የሚሰቀል ፎቶግራፍ ተፈለገ፤ ተመራማሪው ከፍየሎቹና ከባለቤቶቻቸው ጋር ቆሞ የሚታይበት። ስለዚህ ፎቶ አንሺ ይዞ በመኪና ወደ መንደሩ ተመለሰ። ገአስን ከግራር ሥር ተቀምጠው አገኛቸው።

"ዶክተር! ፀጉርህ የት ሄደ? ሆድህ ነው የበላው?" አሉት።

ተመራማሪው ሳቀ። "እርስዎ ግን ምንም አልተለወጡም፣ አባ ገአስ።"

"እኔማ ያኔም አርጅቼ ነው የጠበቅሁህ። ና ተቀመጥ፣ ዳጉ ስጠን።"

ላይኛው አገር ዝናብ እንደጣለ፣ ድልድዩም ተሠርቶ እንዳለቀ ነገራቸው።

"ሌላስ?"

"ሌላ የለም። ደህና ነው።"

ሙሚና ፍየሎቿን እየነዳች መጣች። ከዚያ ወዲህ ሁለት ፅንስ ወጥቶባታል። አሁን አራተኛዋን አርግዛ አራት ወር ሆኗታል። ይህችም እንዳትወጣባት ስለምትፈራ ስትራመድ እንኳ ቀስ ትላለች። ፎቶ አንሺው "ጠጋ ጠጋ በሉ! ፈገግ!" እያለ ሲያሰልፋቸው አንዲት ፍየል ከመንጋው ተነጥላ ማማጥ ጀመረች። ወዲያው ፀጉር እንኳ ያላበቀለ የሞተ ግልገል መሬት ላይ ጣለች። ሙሚና እንደ ልማዷ ልታነሳው ጎንበስ ብላ እጇን ዘረጋች።

"አትንኪው!" ብሎ ተመራማሪው ጮኸ። ራሱም ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሽቶ ከኪሱ ጓንት አወጣ።

ሙሚና እጇን እንደዘረጋች ቀረች። ጓንቱን አየችው። ከዚያ የገዛ እጇን አየች።

"ለምንድነው የማልነካው?" አለች።

"በሽታ አለበት። አንቺ ደግሞ እርጉዝ ነሽ፣ ሊያስወርድሽ ይችላል። ወተቱም ሳይፈላ አይጠጣም።"

"ይህን መቼ ነው ያወቅኸው?"

ተመራማሪው ጓንቱን ማጥለቅ ጀመረ።

"ያን ጊዜም ጓንት ታጠልቅ ነበር። ወተታችንን አልጠጣም ትል ነበር። እኔ የተጸየፍከን መስሎኝ ነበር። ለካ ራስህን እየጠበቅህ ኖሯል! መቼ ነው ያወቅኸው?"

"ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት" አለ። "ነገር ግን አልደበቅሁትም፣ ጽፌዋለሁ! ጥናቱ አራት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ተጠቅሷል።"

"መጠቀስ ማለት ምንድነው?" አሉ ገአስ።

"ሌሎች አንብበው በጽሑፋቸው ለሌላ ሰው ያስተላልፉታል ማለት ነው።"

"እንግዲህ ዳጉ ነዋ! የት ድረስ ደረሰ?"

"ጃፓን ደርሷል። ብራዚልም።"

"ወዲህስ? ከዚህ ከእሾህ አጥራችን ወዲህ መግባት ያቃተው ምን ይዞት ነው?"

ተመራማሪው ስልኩን አውጥቶ የጥናቱን የመጨረሻ ገጽ ከፈተ። ያቺን መስመር በቋንቋቸው ተረጎመላቸው። "ይኸው፣ ሊነገረው ይገባል ብያለሁ" አለ።

"ማን ነው የሚነግረን?" አለች ሙሚና።

"የሚመለከተው ክፍል..."

"አንተን አይመለከትህም? ክንዴን ወግተህ ደሜን የወሰድከው አንተ ነህ። እንዴታ ያልከኝ አንተ ነህ።"

"ሙሚና፣ ፅንስሽ የወጣው በሌላ ምክንያትም ሊሆን ይችላል። ምናልባት..."

"ታዲያ ያን ምናልባት ለእኔ ለምን ነፈግከኝ?" አለችው። "ለጃፓን የሰጠኸውን ምናልባት! ወተት ማፍላት ምን ይከብደኛል? እሳት አለኝ፣ ድስት አለኝ።"

ፎቶ አንሺው መሣሪያውን አጥፍቶ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። ያዘዘው ሰው አልነበረም።

ገአስ ወደ ተመራማሪው ዞሩ። "ሆዴን ያመኛል ስትለን ዋሽተኸናል። ዛሬም ሌላ የለም ብለህ ደገምከው" አሉት። "ፍርድህ ይኸው ነው። ሙሚናን መኪናህ ሐኪም ዘንድ ያድርሳት። አንተ ግን አትሳፈርም። ደም የቀዳህባቸውን መንደሮች ሁሉ በእግርህ ታዳርሳለህ። መንገድ ላይ ያገኘኸውን ሰው ሁሉ አስቁመህ ዳጉ ትሰጣለህ። መጀመሪያ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት አውቄ ነበር ትላለህ። የወተቱን ነገር ከዚያ በኋላ ትናገራለህ።"

ተመራማሪው እንቢ ማለት ይችል ነበር፤ የሚያስረው ፖሊስ አልነበረም። ግን ሄደ። በመጀመሪያው ቀን ያገኛቸው ሰዎች ሁሉ ሰምተውት ሲያበቁ ያንኑ አንድ ጥያቄ ጠየቁት፤ "ታዲያ እስከ ዛሬ?" አሉት።

በሦስተኛው ቀን ወደ መጨረሻው መንደር ሲቃረብ ግመል የሚነዳ አንድ ሰው ከፊቱ መጣ። ሰውየው ቁጭ አለና፣ ቀድሞ ለመናገር እንደቸኮለ ሰው ጀመረ።

"ወንድሜ፣ ይህን ሳትሰማ እንዳታልፍ። ወተት አፍልታችሁ ጠጡ ተብሏል። የሞተ ግልገልም በባዶ እጅ አይነካም። አንድ ዶክተር ይህን እያወቀ አሥራ አንድ ዓመት አፉን ዘግቶ ኖሯል አሉ። እስቲ አሁን፣ እንዲህ ያለ ሰው እናት አለው?"

በልማዱ ዳጉ የሚሰማ ሰው ተናጋሪውን አያቋርጥም። ተመራማሪውም አላቋረጠም። የራሱን ነገር እስከ መጨረሻው ቁጭ ብሎ ሰማ። እሱ በአሥራ አንድ ዓመት ያላደረሰውን፣ ማንበብ የማይችሉ ሰዎች በሦስት ቀን ቀድመውት አድርሰውታል።

ሽልማቱን ተቀበለው ወይስ መለሰው ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። አላውቅም፤ ያልሰማሁትን ደግሞ አልጨምርም። የሰማሁት ይህን ነው። ሙሚና ተመርምራ በሽታው ተገኘባት፤ ለእርጉዝ የሚሆን መድኃኒት ተሰጣት፣ ወተቷንም እያፈላች ጠጣች። ወሯ ሲሞላ ሴት ልጅ ወለደች። ከልጅቷ በፊት የመጀመሪያው ፅንስ የጠፋው ማንም ምክንያቱን ሳያውቅ ነው፤ ስለ እሱ ማንንም አልወቅስም። ሁለቱ ግን የጠፉት ዶክተሩ ካወቀ በኋላ ነው። ጥናቱ አራት መቶ አይደለም አራት ሺህ ጊዜ ቢጠቀስ እነዚያን ሁለቱን አይመልሳቸውም።

ወዳጆቼ፣ ታሪኩ ምሳሌ ነው። መመራመርንም መጻፍንም አልነቅፍም፤ ያለ ተመራማሪው ምክንያቱ ባልታወቀ ነበር። እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። የእውቀቱ መነሻ የሙሚና ደም ሆኖ ሳለ፣ እውቀቱ ዓለምን ዞሮ እሷ ዘንድ ሳይደርስ መቅረቱ ነው። ከሰው ደም የተገኘ እውቀት መጀመሪያ ለባለ ደሙ ይነገር። ጭብጨባውና ቁጥሩ ከዚያ በኋላ ይምጣ። "ሊነገረው ይገባል" ብሎ መጻፍ መንገር አይደለም። አራት መቶ አሥራ ሁለት የተማሩ ሰዎች ይህን መስመር እየተቀባበሉ፣ ለእያንዳንዳቸው የነገረ ሌላ ሰው ያለ መሰላቸው።

ይህን ስጽፍ ራሴንም ፈራሁ። እኔም የማውቀውን ነገር፣ ሌላ ሰው ይነግረዋል ብዬ የተውኩት ጎረቤት ይኖር ይሆን? እናንተስ፣ "ሊነገረው ይገባል" ብላችሁ እስከ ዛሬ ያልነገራችሁት ማን ነው? ይህን አንብባችሁ ከመነሳታችሁ በፊት ስሙን አስቡ፤ ከዚያም ሂዱና ንገሩት።